ቱቦው ገባ፣ ልጄ ግን አሁንም ያመልጠዋል

ጥያቄ፦ ልጄ 8 ዓመቱ ነው፤ 25 ኪሎ ይመዝናል። ስፓይና ቢፊዳ (የጀርባ አጥንትና ነርቭ በደንብ ሳይገጥም የሚወለዱበት ችግር) ይዞት ስለተወለደ ሰገራውን መቆጣጠር አይችልም፤ የሆድ ድርቀቱም የከፋ ነበር። ከአራት ወር በፊት ሆዱ ላይ በስተቀኝ ባለ ባሉን በተን ተገጠመለት፤ ይኸውም ውሃ ወደ ትልቁ አንጀት የሚገባበት፣ ውስጥ በተነፋ ትንሽ ባሉን የሚያዝ አጭር ቱቦ ነው። ማታ ማታ 250 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ ሰጥተን 15 ደቂቃ ሽንት ቤት እናስቀምጠዋለን። በማግስቱ ግን ትምህርት ቤት ያመልጠዋል። ውሃው ሲገባም ሆዱን ይቆርጠዋል። ቀዶ ጥገናው አልሰራም ማለት ነው? ቱቦው ድንገት ቢወጣስ ምን ላድርግ? — የልጅ እናት

መልስ፦ ውድ እናት፣ አልሰራም ለማለት ገና ነው። ቱቦው የሚያደርገው ውሃውን ትልቁ አንጀት ከሚጀምርበት ቦታ ማድረስ ብቻ ነው። በፊንጢጣ የሚሰጥ ውሃ የሚያጥበው የአንጀቱን መጨረሻ ሲሆን፣ ከላይ የሚገባው ግን ያለውን ሁሉ እየገፋ ይወርዳል። ምን ያህል ውሃ፣ በምን ፍጥነት፣ ለምን ያህል ጊዜ መቀመጥ የሚለው ለእያንዳንዱ ልጅ ተሞክሮ የሚገኝ ነው፤ ወራትም ሊፈጅ ይችላል።

የእርስዎ 250 ሚሊ ሊትር በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህ መነሻ መጠን ነው። ብዙ ልጆች የሚጸዱት በኪሎ 20 አካባቢ ሲደርሱ ነው፤ ለእሱ 500 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው በየጥቂት ቀኑ 50 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። የ15 ደቂቃው መቀመጫ ግን በጣም አጭር ነው፤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ያስፈልገዋል። እግሩ እንዳይንጠለጠል ከታች ማስደገፊያ ያድርጉለት፤ ሆዱን ለመግፋት ጉልበት የሚያገኘው እንደዚያ ሲሆን ነው።

ከዚያ በኋላ የሚያመልጠውን በደንብ ይመልከቱ፤ ከምንም በላይ የሚነግርዎ እሱ ነው። ንጹሕ ውሃ መሰል ነገር ከሆነና ከታጠበ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት የሚመጣ ከሆነ፣ አንጀቱ ውስጥ የቀረው የማጠቢያው ውሃ ነው፤ የመቀመጫውን ጊዜ ያርዝሙ። በማግስቱ የሚመጣው ወፍራም ሰገራ ከሆነ አንጀቱ በደንብ አልጸዳም፤ መጠኑ ይጨመር፣ ወይም ሐኪሙ እንደ ግሊሰሪን ያለ የሚያነቃቃ ነገር ይጨምርበት። የሰጡት ውሃ ሳይመለስ ቀርቶ ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት የሚያፈስ ከሆነ ግን ከበታች የደረቀ ሰገራ ዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ በሆድ ራጅ ይታያል። ያልተመለሰ ውሃ ላይ ሌላ ውሃ በጭራሽ አይደግሙ።

የጨው ውሃውን ቤት የሚያዘጋጁ ከሆነ ለ1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ 9 ግራም ጨው ያስፈልጋል፤ በሻይ ማንኪያ ልክ አንድ ተኩል፣ አፉ ጠፍጣፋ ሆኖ። የሚቻል ከሆነ በሚዛን ይለኩ። ጨው የሌለበት ውሃ በልጅ ደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ዝቅ ያደርጋል፣ የበዛ ጨው ደግሞ ከፍ ያደርገዋል፤ ሁለቱም አደገኛ ናቸው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ፎስፌት ያለበት ማጠቢያም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጠቀሙ።

ቁርጠቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ውሃው ሲቀዘቅዝ ወይም ሲቸኩል ነው። የሰውነት ሙቀት ያህል ለብ አድርገው፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በሚሆን ጊዜ ያንጠባጥቡት። ሲቆርጠው መቆለፊያውን ይዝጉ፣ ሕመሙ እስኪተወው ይጠብቁ፣ ከዚያ በግማሽ ፍጥነት ይቀጥሉ። ከነጣና ካላበው አቁመው ያስተኙት። ውሃው በቀስታም ሲሰጥ ቁርጠቱ ካልተወው ለሐኪሙ ይንገሩ።

ቱቦው ቢወጣ ጊዜ አይስጡት፤ ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ መጥበብ ይጀምራል። የእሱ አራት ወር ስለሆነው መንገዱ ጠንክሯል ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ ያንኑ ልክ ወይም አንድ ቁጥር ያነሰ ፎሊ ካቴተር (ለስላሳ ቀጭን ቱቦ) አስቀድመው ቤት ያኑሩ፣ አገባቡንም የሚከታተሉት ነርስ ያሳዩዎት። ጫፉን በውሃ በተሠራ ቅባት ያርጥቡ፣ ቀስ ብለው ያስገቡ፣ በፕላስተር ያጣብቁት፣ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ከተቃወመዎት አይግፉ። የጠበበ መንገድ ውስጥ በግድ የገባ ቱቦ ከአንጀቱ ውጭ ሊያርፍ ይችላል፤ በዚያ ውሃ ከተሰጠ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈሳል፣ ከባድ ኢንፌክሽንም ያመጣል። ስለዚህ ቦታው በትክክል መሆኑ ሳይረጋገጥ አንድ ጠብታ አያስገቡ። ቀዶ ጥገናው ገና ስድስት ሳምንት ያልሞላው ሰው ከሆነ ራሱ ሊያስገባ ፈጽሞ መሞከር የለበትም፤ ቀዳዳውን በንጹሕ ፋሻ ሸፍኖ በአስቸኳይ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

በተኑ እንዳይወጣ ደግሞ የባሉኑን ውሃ በሳምንት አንድ ጊዜ በስሪንጅ ስበው ይለኩ። በተኑን በእጅዎ ይዘው መሆን አለበት፤ በተኑ ሾልኮ የሚወጣው ባሉኑ ሲጎድል ነው። ባሉኑ የሚሞላው በበተኑ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሃ ነው፤ የጨው ውሃ መግቢያውን ሊደፍን ይችላል።

አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ የለበትም። ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸው ልጆች ለላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) አለርጂ በጣም የተጋለጡ ናቸው። ብዙ ፎሊ ካቴተሮች ላቴክስ አለባቸው፤ ቤት የሚያኖሩት ሙሉ በሙሉ ሲሊኮን መሆኑን ማሸጊያው ላይ አንብበው ያረጋግጡ፤ ጓንቱም እንዲሁ።