መልስ፦ ያለ ዶክትሬት በሠራተኛ ትምህርት ክፍል መቀጠር ይቻላል?

ወንድሜ፣ አዲስ አበባ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ፣ ማስተርስ አለኝ፣ አሜሪካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ይቀጥረኛል ወይ ብለሃል። እንደ ሥራው ዓይነት ነው። ቴኑር (ቋሚ የሥራ ዋስትና) ላለው የፕሮፌሰር ቦታ ያለ ዶክትሬት አትድከም። የኤክስቴንሽን ሥራው (ከመደበኛ ተማሪዎች ውጭ ላሉ ሠራተኞች የሚሰጠው ትምህርት) ግን ሌላ ነው፤ ተማሪዎችህ የአውቶቡስ ሹፌሮች፣ ነርሶች፣ የማኅበር ተወካዮች ናቸው። የምታስተምረውም ቅሬታ እንዴት እንደሚጻፍና የኅብረት ስምምነት ድርድር እንዴት እንደሚካሄድ ነው። እዚህ ላይ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የተደራደረ ሰው ይፈለጋል፤ ማስተርስም ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በ1925 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን የዊስኮንሲን የሠራተኞች ትምህርት ቤት፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲን አይኤልአር (የኢንዱስትሪና የሠራተኛ ግንኙነት ትምህርት ቤት)፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይን የሠራተኛ ማዕከልና በ2018 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሠራተኛና የከተማ ጥናት ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ተከታተል። ማስታወቂያው ላይ "ተመራማሪ" ካለ፣ በአብዛኛው ስለ ደመወዝና የሥራ ሁኔታ መረጃ ሰብስቦ ሪፖርት መጻፍ ነው።

ማመልከቻህ ላይ የኢትዮጵያን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ፣ አዋጅ 1156/2011ን፣ አውቃለሁ ብቻ አትበል (እዚያ ማንም አያውቀውም)፤ የመራኸውን አንድ ድርድር ከነውጤቱ ተርክላቸው። የውል ዘመኑንም ጠይቅ፤ በፕሮጀክት ገንዘብ የቆመ ቦታ ገንዘቡ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።