የአንባቢ ጥያቄ፦ ለጋሹ ሲሄድ ፓምፑን ማን ይጠግነዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ። ከሐዋሳ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው ምኖረው፣ የውሃ ኮሚቴያችን ገንዘብ ያዥ ነኝ። አንድ የውጭ ድርጅት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ሦስት ቦኖ ሰርቶልን ነበር፣ ሲበላሽም ባለሙያ የሚልከው እሱ ነው። ጥር 2017 ላይ ከአሜሪካ የሚመጣው ፈንድ ቆመ ተባለና ቢሮውን ዘግቶ ሄደ። አሁን ፓምፑ ተቃጥሎ ሁለት ወር አለፈው፣ በጄሪካን የሰበሰብነው ሳንቲም ደግሞ ለዘበኛና ለነዳጅ እንጂ ለፓምፕ አይበቃም። ወረዳ ስንሄድ «እኛ ያሰራነው አይደለም፣ መዝገባችን ላይ የለም» አሉን። ይሄ ሁሉ ብር ለምን በመንግስት በኩል አይመጣም? ቢመጣስ እኛ ጋ ይደርሳል ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ የቆምኩት «መዝገባችን ላይ የለም» ምትለዋ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ዋናው ችግር እዛ ጋ ነው ያለው።

የእርዳታ ብር እኛ አገር በሦስት መንገድ ነው ሚገባው፣ የፋይናንስ ሰዎች ቻናል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይሉታል። አንደኛው በገንዘብ ሚኒስቴር አርጎ በክልልና በወረዳ ፋይናንስ ይወርዳል፣ ሁለተኛው በቀጥታ ለሴክተር መስሪያ ቤቱ ለምሳሌ ለጤና ወይ ለውሃ ይሰጣል፣ ሦስተኛው ለጋሹ ራሱ ወይ በኤንጂኦ በኩል ሚያወጣው ነው። የናንተ ቦኖ በሦስተኛው የመጣ ይመስለኛል። ፈጣን ነው፣ ወረፋ የለውም፣ ግን ወረዳው በጀት ሲይዝ አያየውም፣ ያላየውን ነገር ደሞ መለዋወጫ አይመድብለትም።

ታዲያ ለምን ሁሉም በአንደኛው አይመጣም? ለጋሾች ይፈራሉ፣ ሁሌም ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በተፈጠረው ነገር ለመንግስት በቀጥታ ሲሰጡ የነበረውን የበጀት ድጋፍ አቆሙት። ግን አስተማሪና ነርስ ደሞዝ እንዳያጣ ተብሎ በ1998 ፒቢኤስ ሚባል መሰረታዊ አገልግሎቶች እንዳይቋረጡ ሚረዳ ፕሮግራም መጣ፣ ብሩ ለወረዳ በድጎማ መልክ እየወረደ የመምህር፣ የጤና ባለሙያና የግብርና ባለሙያ ደሞዝ ሆነ። ስለዚ «በመንግስት በኩል ቢመጣ ይደርሳል ወይ» ላልሽው፣ አዎ የደረሰበት ጊዜ አለ፣ ቀበሌሽ ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ ያስተማረ ሰው በዛ ብር ሳይከፈለው አይቀርም። በሌላ በኩል ሰኔ 2015 ላይ ዩኤስኤይድና የአለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ከተረጂው እጅ እየወጣ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቁመው ነበር፣ ዋጋውን የከፈለው ግን ሰራቂው ሳይሆን የተራበው ሰው ነው፣ ይሄ እስካሁን ያመኛል።

በውሃ በኩል እንዳንቺ ያለው ችግር ታይቶ ነው በ2006 ዋን ዋሽ ሚባለው አገር አቀፍ የውሃና የንጽህና ፕሮግራም የተጀመረው። የውሃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮች ተስማምተው አንድ እቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት አሉ፣ የአለም ባንክ፣ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ እንግሊዝና ዩኒሴፍ የመሳሰሉት ብራቸውን አንድ ቋት ውስጥ አስገቡ። ሀሳቡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ከቋቱ ውጪ የሚሰራው ግን ዛሬም ብዙ ነው፣ ችግሩም እዛ ላይ ነው።

አሁን ምን ታርጊ? መጀመሪያ የርክክብ ሰነድ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ኤንጂኦ ስራ ከመጀመሩ በፊት ከክልል ፋይናንስ ቢሮና ከሴክተር ቢሮው ጋር የፕሮጀክት ስምምነት ይፈራረማል፣ ስምምነቱ ውስጥም ብዙ ጊዜ ሲያልቅ ማን ይረከባል ሚል አለ፣ ስለዚ ወረዳ «አናውቀውም» ካለሽ ኮፒው ቢሮ ጋ ሐዋሳ ውስጥ ነው ሚገኘው፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፣ ብቻሽን አትመላለሺ። ከዛ ቦኖው በወረዳ ውሃ ጽ/ቤት ንብረትነት እንዲመዘገብ በጽሁፍ አመልክቱ፣ ማመልከቻው ላይ የመዝገብ ቁጥር አስጽፋችሁ ኮፒ ያዙ። በጀት አመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ከግንቦት በፊት ጥያቄው ካልገባ ሌላ አመት ትጠብቃላችሁ። ሌላ ጉድጓድ እናስቆፍር ሚል ሰው ከመጣ ደሞ አትቸኩሉ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይዱ ብዙ ቦታ ከፍ ያለ ነው፣ የልጆች ጥርስ ያበላሻል፣ ሳይመረመር አይጠጣም። የተመረመረ ጉድጓድ ካላችሁ እሱን ማስጠገን ይሻላል።

ጥያቄ፦ የአለም ባንክ ሚሰጠን እርዳታ ነው ብድር? (ከታቦር፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ሁለቱም። ሐምሌ 2016 ላይ ያጸደቀውን 1.5 ቢሊዮን ዶላር ብናይ 1 ቢሊዮኑ ስጦታ፣ 500 ሚሊዮኑ ወለዱ ዝቅ ያለ ረጅም ብድር ነው። ይሄ የበጀት ድጋፍ ስለሆነ ከግብሩ ብር ጋር ተቀላቅሎ በጀት ይሆናል፣ ለብቻው ለይተህ ፈልገህ አታገኘውም። ማየት ምትችለው የከተማህን በጀት ነው፣ ፋይናንስ ጽ/ቤት ሄደህ ማስታወቂያ ሰሌዳውን እይ፣ ካልተለጠፈ እንዲለጥፉ ጠይቅ።