መልስ፦ የከሰል ቆፋሪ ልጆች በአባታቸው ሥራ አያፍሩም ነበር?

ወንድሜ፣ በከሰል ከተሞች ያደጉ ልጆች ፊቱ ጠቁሮ ቤት በሚገባው አባታቸው ያፍሩ እንደሆን ጠይቀሃል። የብሪታንያ ክፍል ስለሆነችው ስለ ዌልስ ልንገርህ፤ ማፈሩ ይቅርና ይኮሩበት ነበር።

ተዋናዩ ሪቻርድ በርተን በ1925 እ.ኤ.አ. ፖንትረዲፈን በምትባል መንደር ከከሰል ቆፋሪ ተወለደ፤ ከ13 ልጆች 12ኛው ነው። በ1980 በዲክ ካቬት የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ስለ አባቱ ሲያወራ ብታየው! አባትየው የከሰሉን ግድግዳ በፍቅር ዓይን ትክ ብሎ ያየዋል፤ ቦታዋን መርጦ ምልክት ያደርጋል፤ ረዳቱን ልጅ መቆፈሪያ አቀብለኝ ይለዋል። አንዴ ሲመታው ሃያ ቶን ከሰል ይናዳል። (ሃያ ቶን እንኳ ሳያጋንን አልቀረም፤ የአባት ጨዋታ ሲነሳ ማን ይቆጥባል?) ሰውየው መጠጥ ይወድ ነበር፤ ሪቻርድንም እናቱ በ1927 ስትሞት ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። ያም ሆኖ ስለ አባቱ ሲናገር ፊቱ ይበራል።

የቤቱ ሸክም ግን የእናቶች ነበር። ማዕድኑ ደጃፍ ላይ መታጠቢያ ቤት ከመሠራቱ በፊት ምድጃው ፊት የቆርቆሮ ገንዳ ይቀመጣል፤ እናት ውሃ ታሞቃለች፤ አባትና ወንዶች ልጆች በየተራ ይታጠባሉ። ጀርባቸውን ግን የማያስነኩ ነበሩ፤ መታጠብ ወገብ ያደክማል ይላሉ!

ፍርሃቱ ሌላ ነው። በ1913 ሴንግሄኒድ በሚባል የዌልስ ከሰል ማዕድን ላይ የደረሰው ፍንዳታ 439 ቆፋሪዎችን ገድሏል። ብዙ አባቶች በሥራቸው እየኮሩም ልጃቸው እንዲማርላቸውና ከጉድጓዱ እንዲርቅ ይመኙ የነበረው ለዚህ ነው።