ለሸክላ አፈር የመዶሻ ቆጠራ ብቻውን ይበቃል?

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ባለ ስድስት ፎቅ ልንሠራ ነው። መሬቱ ሸክላ ነው። ቦርሆል (የአፈር መመርመሪያ ጉድጓድ) ተቆፍሮ የኤስፒቲ ውጤት መጥቷል። መሐንዲሱ ግን አሁን ደግሞ የሳይስሚክ ሙከራ ይጨመር ይላል። ለምን ድጋሚ ወጪ?

መልስ፦ መሐንዲስዎ ትክክል ነው። ኤስፒቲ ማለት 63.5 ኪሎ መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየለቀቁ ቱቦው 30 ሴንቲ ሜትር እስኪገባ ምቱን መቁጠር ነው። ለአሸዋ ደህና ነው። ሸክላ ላይ ግን ስለ ስቲፍነስ (አፈሩ ሲጫን ላለመጨመቅ ስላለው ግትርነት) የሚነግረን በጣም በግምት ነው፤ አፈሩን ሰብሮ ስለሚያልፍ፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ሳይሰበር ሲጫን ምን ያህል እንደሚጨመቅ ስለሆነ።

በሳይስሚኩ ጂኦፎኖች (ንዝረት የሚይዙ መሣሪያዎች) መሬት ላይ ይደረደራሉ፣ የብረት ሳህን በመዶሻ ይመታል፣ ከሞገዱ ጉዞ የሸር ሞገድ (አፈሩን ወደ ጎን እያንቀጠቀጠ የሚሄድ ሞገድ) ፍጥነት ይሰላል። በሰከንድ 200 ሜትር ቢሆንና የአፈሩ እፍጋት በሜትር ኩብ 1,800 ኪሎ ቢሆን፣ ፍጥነቱን በራሱ፣ ከዚያ በእፍጋቱ ሲያባዙት የአፈሩ የሸር ስቲፍነስ 72 ሜጋፓስካል ይሆናል።

ግን አደራ! ይህ አፈሩ እምብዛም ሳይነካ ያለው ትልቁ ቁጥር ነው። ሕንፃው ሲያርፍበት በብዙ ይወርዳል። ሳይቀነስ ስሌት ውስጥ ከገባ መስመጡ ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይታያል።

የሚለካበትንም ወር ያስመዝግቡ፤ ጥቁር አፈር በበጋ ደርቆ ጠንካራ ይመስላል፣ ክረምት ላይ ይለሰልሳል። የመኪናው ንዝረትም የመዶሻውን ሞገድ ስለሚረብሽ እሁድ ማለዳ ቢለካ ጥሩ ነው።