አምቡላንስ እስኪደርስ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ስለ ድንገተኛ ሕክምና የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልበል። ታማሚው እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት ያለው ጊዜ የእናንተ ነው። ያኔ የተበላሸውን እኛ ብዙ ጊዜ ማቃናት አንችልም።

ሲስተር፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። አምቡላንስ ስፈልግ የት ነው የምደውለው?

907 ቀይ መስቀል ነው። 939 የከተማው እሳትና አደጋ ነው። ከግል ደግሞ ጠብታ አለ፣ 8035፤ እሱ በክፍያ ነው። ሦስቱንም አሁን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ በጭንቅ ሰዓት ቁጥር አይታወስም።

ስትደውሉ መጀመሪያ ቦታውን ተናገሩ። የቤት ቁጥር እኛ አገር ብዙም አያደርስም። ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ባንኩን፣ የታክሲ ማዞሪያውን ጥሩ። ቀጥሎ ሰውየው ይሰማል ወይ፣ ይተነፍሳል ወይ፣ ይደማል ወይ የሚለውን መልሱ። አንድ ሰው ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቅ። አምቡላንስ ሰፈር ውስጥ ገብቶ ሲዞር የሚባክነው ጊዜ ያንገበግበኛል። እንዘገያለን ካሏችሁ ደግሞ ያኔውኑ መኪና መፈለግ ጀምሩ።

መኪና የገጨው ሰው ወድቆ ባይ ላንሳው ወይስ ልተወው? "አትንካው" ይሉኛል። ፖሊስ እኔን እንዳይጠረጥርም እፈራለሁ።

መጀመሪያ ራስህን ጠብቅ። ከኋላ የሚመጣው መኪና ሁለታችሁንም እንዳይደግማችሁ ሰው ቆሞ ያስቁም፣ ቅጠል ይጣል። እሳት ከሌለ፣ መኪናም ካልመጣበት፣ ለመጎተት አትቸኩል። በጣም የምንፈራው አንገትና አከርካሪን ነው። ሰው እየሮጠ ይመጣና እጅና እግሩን ይዞ ላዳ ውስጥ አጥፎ ይከተዋል። በደግ ልብ ነው የሚያደርገው። ግን የተሰበረ አንገት ካለ ያ ሰው ዳግም ላይራመድ ይችላል።

ማንሳት ግድ ከሆነ አራት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ጭንቅላቱን ብቻ በሁለት እጁ ይዞ፣ ከአካሉ ጋር ቀጥ አድርጎ፣ "አሁን" እያለ ይምራ። ሌሎቹ እንደ አንድ ግንድ ያንሱት። ጠፍጣፋ እንጨት ከተገኘ እሱ ላይ ይተኛ። ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነ ምላሱ ወይም ትውከቱ እንዳያንቀው አንገቱን ሳታጥፍ በጎኑ አስተኛው። ውሃ አታጠጣው። አምቡላንስ ከሌለ ሰው ዘርግቶ የሚያስተኛ ሚኒባስ ወይም ፒካፕ ከላዳ ይሻላል። በታክሲ ያመጣችሁ ሰዎች ግን እንዳትሸማቀቁ። ለእኛ ከሚደርሱን ውስጥ ብዙዎቹ የሚተርፉት በእናንተ ነው።

የፖሊሱን ፍርሃት እረዳለሁ። ሕጉ ግን ከአንተ ጋር ነው። እንዲያውም በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 የሚቀጣው መርዳት እየቻለ ትቶ የሄደውን ነው። ወደ ፖሊስ በ991 ደውል፣ ሰሌዳውንና ቦታውን በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ ስምህን ለትራፊክ ፖሊሱ ስጥ።

ደም ሲፈስ ቡና መነስነስ ልክ ነው?

አይደለም። ቡናው ደሙን አያቆመውም፤ ቁስሉን ይሸፍነዋል፣ ጀርምም ያስገባል። ከዚያ እኛ አጥበን ስናወጣው እንደገና ይደማል። ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ተጫኑ። "ቆመ ወይ" እያላችሁ አትግለጡት። ጨርቁ ከራሰ በላዩ ሌላ ጨምሩና መጫናችሁን ቀጥሉ። የእጅ ወይም የእግር ደም በዚህ ሁሉ አልቆም ካለ ከቁስሉ በላይ ሰፋ ባለ ጨርቅ እሰሩ፤ ጉልበትና ክርን ላይ ግን አይሁን። በእንጨት አጥብቃችሁ ጠምዝዙት። ያሰራችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ሐኪም ጋ እስኪደርስ አትፍቱት። ሽቦና ቀጭን ገመድ ሥጋ ይቆርጣል።

የሚጥል በሽታ ሲነሳበት ክብሪት ጭረን እናሸተዋለን። ይጠቅማል?

አይጠቅምም። ማንኪያም አፉ ውስጥ አታስገቡ። ጭንቅላቱ ሥር ልብስ አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ፣ ሲቆም በጎኑ አስተኙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ሆስፒታል።

እናቴ ጠዋት አፏ ጣመም አለ፣ ምላሷም ተሳሰረ። ጎረቤት "ብርድ ነው የመታት፣ ትሸፈን" አሉ። በማግስቱ ነው ሐኪም ቤት የወሰድናት።

እግዜር ይማርልሽ። ይህን ጥያቄ ያመጣሁት ሌላው እንዲያነበው ነው። ፊት በአንድ በኩል ከወደቀ፣ አንድ እጅ አልነሳ ካለ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ስትሮክ ነው ብላችሁ ተነሡ፤ ማለትም የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቷል ወይም ፈንድቶ እየደማ ነው። ብርድ ሆኖ ከተገኘ ተመስገን ብላችሁ ትመለሳላችሁ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው የሚሰጠው፤ ከዚያ በፊት ሲቲ ስካን፣ ማለት የጭንቅላት ውስጥ ምስል፣ ይነሳል። ስለዚህ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበረችበትን ሰዓት ያዙ። ምግብም ውሃም አትስጡ፣ ትን ሊላት ይችላል። አስፕሪንም አትስጡ፤ ጭንቅላቷ ውስጥ እየደማ ከሆነ ያባብሰዋል።

ከእኛ በኋላ የመጣ ሰው ቀድሞ ገባ። ከዚያ እኛን "አልጋ የለም" ብለው ወደ ሌላ ሆስፒታል ላኩን። ይህ አሠራር ነው?

የመጀመሪያው አሠራር ነው። ትሪያጅ ይባላል። ቀይ የተሰጠው ወዲያው ይታያል፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢጫ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ አረንጓዴ ይጠብቃል። ተራ የሚሰጠው በሕመሙ ክብደት ነው። ስትጠብቁ ታማሚው ከባሰበት ግን ዝም አትበሉ፤ ነርሷን ጥሩና በድጋሚ ትለካው።

ሁለተኛው የሁላችንም ቁስል ነው። አልጋ በእውነት የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ግን ታማሚን ወረቀት አስይዞ "ሂዱ" ማለት ሪፈር አይደለም። ደሙ ሳይቆም፣ ኦክስጅን ሳያገኝ መውጣት የለበትም። የሚልከው ሆስፒታል ለተቀባዩ ደውሎ "እንቀበላለን" መባል አለበት። ይህን የመጠየቅ መብት አላችሁ። "የትኛው ሆስፒታል ነው የተቀበለን? ከማን ጋር ተነጋገራችሁ? ባለሙያ አብሮን ይሄዳል?" በሉ። በትሕትና ግን አጥብቃችሁ።

የራሴን ሐሳብም ልናገር። ለየወረዳው አምቡላንስ መታደሉ ለወላድ እናቶች ትልቅ ነገር ነው። ጥቁር አንበሳ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ከጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አቤት ሆስፒታልም ለአደጋና ለቃጠሎ ተብሎ ተከፍቷል። ግን ከኋላ የሠለጠነ ሰው ያልተቀመጠበት አምቡላንስ መብራት ያለው ታክሲ ነው። ገንዘቡ አሁን መሄድ ያለበት ወደ ባለሙያው ነው።

ገንዘብ ካልያዝን አይነኩንም የሚባለውስ?

ድንገተኛ ታማሚ መጀመሪያ ይታከማል፣ ክፍያው ቀጥሎ ነው። ለመኪና አደጋ ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 አለ። ተጎጂው የመጀመሪያ እርዳታ የማግኘት መብት አለው፤ ገጪው ቢያመልጥ እንኳ ለዚህ የተቋቋመ ፈንድ አለ። የአዋጁን ቁጥር ስትጠሩ ንግግሩ ይለወጣል።

አሜሪካ ነኝ። አባቴ እንግሊዝኛ አይችሉም። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ቢያማቸውስ?

911 ደውለው "አምሃሪክ" ይበሉ። በስልክ አስተርጓሚ ያስገቡላቸዋል። አድራሻውን በትልቁ ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊላቸው፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝርም ከጎኑ አድርጊ።

በክረምት ከሰል ቤት አስገብተን እንተኛለን። ጭሱ ካለቀ በኋላ ችግር አለው?

አለው፣ በጣም። የሚገድለው ጭሱ ሳይሆን የማይታይና የማይሸት ጋዝ ነው፤ ፍሙ ቀልቶም ይወጣል። ቤተሰብ ሙሉ አብሮ ይተኛና አይነሳም። ብዙ ሰው አንድ ቤት ውስጥ ባንዴ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ በሩን ክፈቱና ሁሉም ይውጣ። ራሱን የሳተውን ጎትታችሁ አውጡ፤ ካልተነፈሰ ደረቱ መሐል ላይ በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል ተጫኑ፣ ሲደክማችሁ ተቀያየሩ። ንጹሕ አየር አግኝቶ ቢነቃም ኦክስጅን ስለሚያስፈልገው ሆስፒታል ውሰዱት። ከሰሉን ውጭ አያይዙ፣ ውጭ ይደር።