ከአውራ ጎዳናው ወጣ ስትሉ፦ ስለ ትናንሽ ከተሞች ጉዶች ጥያቄና መልስ

ስለ መንገድ ዳር ትርኢቶች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። በአንዲት ትንሽ ከተማ ስታልፉ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» የሚያሰኛችሁን ነገር ሁሉ ማለቴ ነው፤ ግዙፍ ሐውልት፣ እንግዳ ቤት፣ ሰው የማይገኝበት ሰፈር። ጥያቄው ብዙ ነው የመጣው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ትናንሽ ከተሞች ለምንድነው ግዙፍ ነገር ማቆም የሚወዱት? አንዲት መንደር የሰማይ ስባሪ የሚያህል ዝይ ምን ያደርግላታል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያመጣው መንገዱ ራሱ ነው። ካናዳ ውስጥ፣ በኦንታሪዮ ግዛት፣ ዋዋ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ትራንስ ካናዳ የሚባለው አውራ ጎዳና በ1960 በዚያ በኩል ሲከፈት ከተማዋን ገሸሽ አድርጎ አለፋት። ነጋዴው ጭንቅ ውስጥ ገባ። ሲጠበቅ የነበረው መንገድ መጣ፤ መኪናው ግን ሽው ብሎ ሊያልፍ ነው። አል ተርኮት የተባለ የከተማው ነጋዴ መገንጠያው ላይ ግዙፍ ዝይ እናቁም አለ። ቆመም። የመጀመሪያው ከጀሶ የተሠራ ስለነበር የአገሩን ብርድ አልቻለም። በ1963 በብረት ተተካ። ብረቱም ዝጎ በ2017 እንደገና አዲስ ተሠራ። አንዲት ከተማ ሦስት ጊዜ የሠራችው ነገር ለእሷ የህልውና ጉዳይ ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ጎልበርን የምትባል የሱፍ ከተማ አለች። በ1985 ቁመቱ 15 ሜትር የሆነ የሜሪኖ አውራ በግ በሲሚንቶ ሠራች። በ1992 አውራ ጎዳናው ከከተማው ውጪ እንዲያልፍ ተደረገ። ጎብኚው ቀነሰ። ምን አደረጉ? በ2007 በጉን አንስተው ወደ አዲሱ መገንጠያ ወሰዱት። መንገዱ ወደ በጉ አልመጣ ሲል በጉ ወደ መንገዱ ሄደ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ሁሉም ነገር ለንግድ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወዳቸው ከንግድ ጋር ምንም ያልተገናኙት ናቸው። የፈርዲናንድ ሼቫልን ታሪክ ስሙ። ደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ኦትሪቭ በምትባል መንደር፣ ደብዳቤ የሚያድል ፖስተኛ ነበር። በ1879 አንድ ቀን በሥራ ላይ እያለ ድንጋይ አደናቀፈው። ቅርጹ ስላስገረመው ኪሱ ከተተው። በማግስቱ እዚያው ቦታ ሲመለስ ከዚያ የባሱ ቆንጆ ድንጋዮች አገኘ። ኪሱ አልበቃ ሲለው በዘንቢል፣ ዘንቢሉ አልበቃ ሲለው በእጅ ጋሪ ማጋዝ ጀመረ።

ቀን ቀን በእግሩ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ እየሄደ ደብዳቤ ያድላል። ማታ በፋኖስ ብርሃን ይገነባል። ግንበኝነት አልተማረም፤ ሥነ ሕንፃም አልተማረም። የመንደሩ ሰው አእምሮው የተነካ ነው የመሰለው። እሱ ግን 33 ዓመት ሙሉ ቆይቶበት በ1912 ጨረሰው። 26 ሜትር ርዝመት ያለው ቤተ መንግሥት ነው። ግን ማንም የማይኖርበት። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግድግዳው በጠጠር፣ በቀንድ አውጣ ቅርፊትና በሲሚንቶ የተለበጠ ነው። እንስሳት አሉበት፣ የዛፍ ቅርንጫፍ አለበት፣ ሦስት ረጃጅም ግዙፋን ጎን ለጎን ቆመውበታል። የሂንዱ ቤተ መቅደስ፣ መስጊድና የስዊስ ገበሬ ቤት ሳይቀሩ በአንድ ግንብ ላይ ተቀርጸዋል። በመካከላቸውም ራሱ የቀረጻቸው ጽሑፎች አሉ።

እዚያው ልቀበር ቢል ሕጉ ከለከለው። ስለዚህ ሌላ 8 ዓመት ፈጅቶ የገዛ መቃብሩን በመንደሩ መካነ መቃብር ውስጥ ሠራ። በ1924 ሲሞት እዚያ ተቀበረ። ፈረንሳይ ያንን ግንብ በ1969 በታሪካዊ ቅርስነት መዘገበችው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ከተሞች «የዓለም ትልቁ የሲባጎ ኳስ እኛ ጋ ነው» ይላሉ። የቱ ነው እውነቱን የሚናገረው?

መልስ፦ ሁለቱም። ቃላቸውን በደንብ ማንበብ ብቻ ነው። በሚኒሶታ ግዛት ዳርዊን የምትባል መንደር ያለው ኳስ አንድ ሰው ብቻውን ከጠቀለላቸው ሁሉ ትልቁ ነው። ፍራንሲስ ጆንሰን የተባለ ሰው በ1950 ጀምሮ ለ29 ዓመት ጠቀለለው። ክብደቱ 7,900 ኪሎ ገደማ ነው። እየተለቀ ሲሄድ በክሪክ እያነሳ ነበር የሚያዞረው።

በካንሳስ ግዛት ኮከር ሲቲ ያለውን ደግሞ ፍራንክ ስቶበር የተባለ ገበሬ በ1953 ጀመረው። በ1961 ለከተማው ሰጠው። እሱ ከሞተ በኋላ የከተማው ሰው መጠቅለሉን አላቆመም። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ተሰብስበው ይጨምሩበታል፤ መንገደኛም መጨመር ይችላል። ለእኔ የኮከር ሲቲው ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም አሁንም እያደገ ነው። ሄዳችሁ ጥቂት ሜትር ሲባጎ ብትጠቀልሉበት የእናንተም ነው።

ጥያቄ፦ ስፔን ውስጥ ኮረብታ ላይ የቆመ ትልቅ ጥቁር በሬ በፎቶ አይቻለሁ። ማስታወቂያ ነው ሐውልት?

መልስ፦ ሲጀመር ማስታወቂያ ነበር፤ አሁን ግን ማስታወቂያነቱ ቀርቷል። ኦስቦርን የተባለ የመጠጥ አምራች በ1950ዎቹ ነው ብራንዲውን ለማስተዋወቅ መትከል የጀመረው። ትልልቆቹ 14 ሜትር ይደርሳሉ። በ1988 በመንገድ ዳር ማስታወቂያ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ድርጅቱ ስሙን በጥቁር ቀለም ሸፈነውና በሬው ብቻ ቀረ። ቀጥሎ በሬዎቹም ይነሱ ሲባል ሕዝቡ «አይነኩብንም» አለ። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1997 የአካባቢው ገጽታ አካል ሆነዋል ተብሎ እንዲቆዩ ተፈቀደ። አንዱ ጋ ለመድረስ ከቻላችሁ ከኋላው ዙሩ። ከፊት የሚያስፈራው በሬ ከኋላ በብረት ድጋፎች የተያዘ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሐውልት ብዙም አይስበኝም። ከተማው ራሱ ጉድ የሆነበት ቦታ የለም?

መልስ፦ እህቴ፣ ለአንቺ ባርለ አለልሽ። በኔዘርላንድስና በቤልጂየም ድንበር አካባቢ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ችግሩ ድንበሩ አንድ መስመር አይደለም። በኔዘርላንድስ መሬት ውስጥ 22 የቤልጂየም ቁራጮች ተበትነዋል። ከእነዚያ ቁራጮች ውስጥ ደግሞ ተመልሰው የኔዘርላንድስ የሆኑ ቁራጮች አሉ። መነሻው በመካከለኛው ዘመን መሳፍንት የተከፋፈሉት መሬት ነው። ማንም ሳያስተካክለው እስከ ዛሬ ደረሰ።

ድንበሩ አስፋልት ላይ በነጭ የመስቀል ምልክት ተሠምሯል። በአንዳንድ ቤት መሐል ያልፋል። አንድ ቤት የየት አገር እንደሆነ የሚወሰነው የፊት በሩ በየትኛው ወገን እንዳለ ታይቶ ነው። ድንበሩ የፊት በሩን ለሁለት የሚከፍልበት ቤት ደግሞ አለ። በሩ ግራና ቀኝ የሁለቱ አገር የቤት ቁጥር ተለጥፎበታል። ሁለት ማዘጋጃ ቤት፣ ሁለት ከንቲባ አላት። አንድ ሙሉ ቀን ስጪያት፤ የቤት ቁጥሮቹን ብቻ እያነበቡ መዞር በቂ ሥራ ነው።

ሙቀት የማትፈሪ ከሆነ ደግሞ የአውስትራሊያዋ ኩበር ፒዲ አለች። የኦፓል ማዕድን ከተማ ናት። ከፀሐዩ ለመሸሽ ብዙ ሰው ከመሬት በታች ፈልፍሎ ይኖራል። ቤተ ክርስቲያንም ሆቴልም መሬት ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ ፊንላንድ ውስጥ ሜዳ ሙሉ ሰው መሳይ ነገር ቆሞ አይቼ ደነገጥኩ። ምንድነው?

መልስ፦ «ዝምተኛው ሕዝብ» ይሉታል። ሱኦሙሳልሚ በምትባል ወረዳ፣ 5 ቁጥር አውራ ጎዳና ዳር ነው። 1,000 ያህል ናቸው። ሬይዮ ኬላ የተባለ የዳንስ አቀናባሪ ነው የሠራቸው። እዚያ ሜዳ ላይ ከ1994 ጀምሮ ቆመዋል። እያንዳንዱ የእንጨት መስቀል ነው፤ ራሱ ከነሣሩ የተቆረጠ አፈር ነው። የለበሱት ሰዎች የሰጡት እውነተኛ ልብስ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀየርላቸዋል። ንፋስ ሲነሳ እጅጌው ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ የደነገጥከውም ለዚያ ይመስለኛል። ትርጉሙን ሠሪው አይናገርም። ለተመልካቹ ትቶታል።

ጃፓን ውስጥ ናጎሮ የምትባል መንደር ግን ምክንያቱ በግልጽ ይታወቃል። ሰው እየሞተና ወደ ከተማ እየፈለሰ ነዋሪው ከ30 በታች ወረደ። አንዲት የመንደሩ ሴት በሄዱት ምትክ የሰው ቁመት ያላቸው አሻንጉሊቶች ሠራች። ዛሬ አሻንጉሊቶቹ ከነዋሪው በብዙ እጥፍ ይበዛሉ። በተዘጋው ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ተማሪ ሆነው ተቀምጠዋል። እዚያ ስትሄዱ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ አሁንም ሰው የሚኖርበት መንደር ነው።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ ገንዘብ ማባከን አይደለም? ለመንገድና ለትምህርት ቤት ቢውል አይሻልም?

መልስ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። የጃፓኗ ኖቶ ከተማ በዚህ ጉዳይ ክፉኛ ተወቅሳለች። ለኮሮና ማገገሚያ ከተሰጣት ገንዘብ 25 ሚሊዮን የን አውጥታ በ2021 ስኩዊድ የሚባለውን ብዙ እጅ ያለው የባሕር እንስሳ ርዝመቱ 13 ሜትር በሆነ ሐውልት አሠራች። ስኩዊድ የአካባቢው አሣ አጥማጆች መተዳደሪያ ነው። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። በቀጣዩ ዓመት ጥናት ተደርጎ ሐውልቱ ያስገኘው ገቢ ወደ 600 ሚሊዮን የን ይጠጋል ተባለ።

ይህ ማለት ግን ማንኛውም ከተማ ትልቅ ነገር ቢያቆም ያተርፋል ማለት አይደለም። ስኩዊዱ የተሳካለት ከቦታው ሰው ኑሮ ጋር ስለተያያዘ ነው። ከካታሎግ የታዘዘ ዳይኖሰር ማንም አቁሞ አያየውም። ደግሞ ማደሻ በጀት ያልተያዘለት ነገር በጥቂት ዓመት ውስጥ ለከተማው ማፈሪያ ይሆናል።

ጥያቄ፦ መንካት፣ መውጣት፣ ስም መጻፍ ይፈቀዳል?

መልስ፦ አንድ ቦታ ላይ አዎ፣ ሌላው ቦታ ላይ አይ በሉ። ቴክሳስ ውስጥ፣ አማሪሎ ከተማ አጠገብ፣ ካዲላክ ራንች የሚባል ቦታ አለ። በ1974 አንት ፋርም የተባሉ አርቲስቶች 10 ካዲላክ መኪናዎችን በአፍንጫቸው መሬት ውስጥ ተከሏቸው። ከተማው እየሰፋ ሲመጣባቸው በ1997 ወደ ምዕራብ ራቅ ተደርገው እንደገና ተተከሉ። እዚያ ቀለም ይዞ ሄዶ መቀባት የተለመደ ነው። ቀለሙ በቀለም ላይ ተደራርቦ ጠርዙ ላይ እንደ ወፍራም ቅርፊት እየተላጠ ይወድቃል። የጨረሳችሁትን ቆርቆሮ ግን ይዛችሁ ተመለሱ። ሜዳው ላይ የሚጣለው ባዶ ጣሳ አስጠሊታ ነው።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የማገኛቸው? ስልኬ ላይ ያለው ካርታ በፈጣኑ መንገድ ብቻ ነው የሚወስደኝ።

መልስ፦ ፈጣኑን መንገድ ተወው። ብዙ አገር ውስጥ ከአዲሱ አውራ ጎዳና ጎን ለጎን የሚሄድ አሮጌ መንገድ አለ። ጉዱ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ አሮጌው መንገድ በከተሞቹ መሐል ያልፋላ። ቡናማ ቀለም ያለው ምልክት ስታይ ቀስ በል፤ በብዙ አገር የሚጎበኝ ነገር ጠቋሚ ነው።

ከዚያ ሰው ጠይቅ። ነዳጅ ማደያ፣ ፖስታ ቤት፣ ፀጉር ቤት። «የሚጎበኝ ነገር አለ?» ካልክ «የለም» ይሉሃል። አብሮት ያደገ ሰው የሚጎበኝ ነገር አድርጎ አያየውም። ይልቅ «እንግዳ ሲመጣባችሁ መንገድ የምትጠቁሙት በምን ነው?» በል። «ከትልቁ በግ ወደ ግራ» የሚል መልስ ካገኘህ ጨርሰሃል።

ጥያቄ፦ ከትናንሽ ልጆች ጋር ለሚጓዝ ምን ትመክራለህ?

መልስ፦ ውስጡ የሚገባበትን ወይም የሚንቀሳቀሰውን። ኒው ጀርሲ ውስጥ ማርጌት የሚባል የባሕር ዳር ከተማ ላይ ሉሲ የምትባል ዝሆን አለች። በ1881 አንድ መሬት ሻጭ ገዢ ለመሳብ ያሠራት ናት፤ 20 ሜትር ገደማ ትረዝማለች። እግሯ ውስጥ ባለው ደረጃ ይወጣል። አልበርታ፣ ካናዳ፣ ቬግረቪል ላይ ደግሞ በ1975 የቆመ፣ በዩክሬን ባህል ያጌጠ ግዙፍ የፋሲካ እንቁላል አለ። ንፋስ ሲነፍስ ይዞራል። ኒው ዚላንድ ቲራው ላይ የቱሪስት መረጃ ቢሮው ራሱ በቆርቆሮ የተሠራ የውሻ ቅርጽ ነው።

ጥያቄ፦ ፎቶ ለማንሳትስ?

መልስ፦ ጠዋት ወይም አመሻሽ። ሰው አጠገቡ አቁሙ፣ ካልሆነ ትልቅነቱ አይታይም። መኪናችሁን ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ አውጡ።

ጥያቄ፦ በአሮጌ መጽሐፍ ያየሁትን ፈልጌ ስሄድ ፈርሶ ይጠብቀኛል። ለምንድነው ቶሎ የሚጠፉት?

መልስ፦ ሠሪው ሲሞት ብዙ ጊዜ ተንከባካቢ አይተካም። ጀሶና ፋይበር ግላስ ደግሞ ፀሐይና ዝናብ አይችሉም። የሚተርፉት ሰው የቆመላቸው ናቸው። ኔብራስካ ውስጥ አላያንስ አጠገብ ያለውን ካርሄንጅ እዩ። ጂም ራይንደርስ የተባለ ሰው በ1987 ለአባቱ መታሰቢያ ብሎ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ አሮጌ መኪናዎችን አቁሞ የእንግሊዙን ስቶንሄንጅ፣ ማለትም በክብ የቆሙትን ጥንታዊ ግዙፍ ድንጋዮች፣ አስመስሎ ሠራው። ግራጫ ቀለም ቀቧቸው። መጀመሪያ ላይ ይፍረስ የሚሉ ነበሩ። የአካባቢው ሰዎች ግን ማኅበር አቋቁመው አዳኑት፤ በኋላም ለከተማው ሰጡት። ስለዚህ የመዋጮ ሣጥን ካያችሁ አትለፉት። መዝገብ ካለም ፈርሙ፤ በዓመት ስንት ሰው እንደመጣ ማሳየት ለተንከባካቢዎቹ በጀት መጠየቂያ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ብቻ ምረጥ ብትባል?

መልስ፦ ኦትሪቭ፣ የፖስተኛው ግንብ። ምሥራቁን ገጽ አስቀድሙ፤ እሱ ብቻውን 20 ዓመት ፈጅቶበታል። መቃብሩንም ሳታዩ አትመለሱ። መካነ መቃብሩ እዚያው መንደር ውስጥ ነው፤ በእግር ይደረሳል።