መጋዙን ከማንሳታችሁ በፊት ልጁን ለኩ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት በአናጺነት ነው። ሰሞኑን ብዙ ወጣቶች አሮጌ ዕቃ እያደሱ ለማስጠኛ ቤትና ለቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ሲሠሩ አያለሁ፤ በጣም ደስ ይለኛል። ግን ቆይ፣ መጋዙን አስቀምጡት።

መጀመሪያ ዕቃውን ገልብጣችሁ ከሥሩ እዩት። የድሮ ቡፌ ሆኖ ዋንዛ ከተገኘ ዕድለኞች ናችሁ፣ በደንብ የደረቀ ዋንዛ በቀላሉ አይጣመምም፣ ሲላግ ደግሞ ውስጡ እንደ አዲስ ነው። ቺፑድ (ተጨምቆ የተጣበቀ የእንጨት ፍቅፋቂ) ከሆነ አትድከሙበት። አንዴ ውኃ ከነካው ያብጣል፣ ቪቴም አይዝም።

የተሰበረ ኮምባይንድ ዴስክም አይጣል። ችግሩ አግዳሚው ከጠረጴዛው ጋር መያያዙ ነው፤ ተማሪው ወደ ጓደኛው ዞሮ በቡድን ልሥራ ቢል አይችልም። በያጅ ጋ ወስዳችሁ አስለዩት።

ቀለሙን ግን በደረቁ አትፈግፍጉ፣ አደራ! የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፣ አቧራው ደግሞ ለሕፃናት መርዝ ነው። አርጥባችሁ፣ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ልጆች በሌሉበት ሥሩ።

አሁን ልጁን አስቀምጡት። እግሩ መሬት ይርገጥ፣ ክርኑን ይጠፍ፤ የጠረጴዛው ከፍታ እዚያ ጋ ነው። በአውሮፓ መለኪያ 1 ሜትር ከ40 ለሚሆን ልጅ 64 ሴንቲ ሜትር፣ ለረጅም ተማሪ 76 ነው። ስለዚህ እግሩን አንዱ በሌላው ውስጥ በሚገባ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት በሆነ ብረት) ሥሩና በየ3 ሴንቲ ሜትሩ ቀዳዳ አውጡለት፤ በብሎን እያሰራችሁ ከ64 እስከ 76 አምስት ከፍታ ታገኛላችሁ፣ አንድ ጠረጴዛ ለታናሹም ለታላቁም ይሆናል።

ከአሮጌ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አንዱ ጎኑ 120፣ ሦስቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቅርጽ ይወጣል። ሁለቱን ስታጋጥሟቸው ስድስት ልጅ የሚከበው ባለ ስድስት ጎን ጠረጴዛ ይሆናሉ፣ ስትለያዩአቸው ለየብቻ ይቆማሉ።

ስለ ጎማ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለአንድ ትምህርት ቤት ጠረጴዛ ስሠራ በአራቱም እግር ፍሬን የሌለው ጎማ ገጠምኩ። አንዲት ተማሪ ልትነሳ ስትደገፈው ጠረጴዛው ሸሸ፣ አገጯ ተመታ። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። እናንተ ቢያንስ ሁለቱን ባለ ፍሬን አድርጓቸው። ወይም ጎማውን በአንድ ወገን ብቻ ግጠሙ፣ በሌላው ወገን አንስቶ መግፋት ይቻላል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ጎማ ስትፈልጉም ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ፍሬኑን እዚያው መሬት ላይ ተጫኑት፣ ገፋ ገፋ አድርጋችሁም እዩት።